በመርዶው ጠዋት ያበረርኩት ድሮን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ በየጾሙ መግቢያ ያስቀምጡኝና፣ ትንሽ ትልቁን ከለቃቀምኩላቸው በኋላ «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። እሳቸውም ስግደት ሰጥተው ያሰናብቱኛል፤ እኔም የታዘዝኩትን ሰግጄ ያልተናገርኩትን እንደያዝኩ እኖራለሁ። ታዲያ ለእሳቸው ያልተነፈስኩትን ለእናንተ ለምን እነግራለሁ? ስለማታውቁኝ ይሆናል። ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል። ፈሪ ሰው ሲናዘዝ እንዲህ አድርጎ ነው።

በዚያ ጠዋት ድሮን ያበረርኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ። እኔ ነኝ።

ቤቴ አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን የምትባል ከተማ ነው። ከጎረቤቶቼ ከእትዬ ሙሉና ከባላቸው ከአቶ ጌታቸው ጋር የምንለያየው በአንድ የእንጨት አጥር ነው። ቤቱን ገዝቼ የገባሁ ሰሞን እትዬ ሙሉ ከጓሯቸው የቀጠፉትን ጎመን በፌስታል አድርገው በአጥሩ አናት ያቀብሉኝ ነበር። «የወንደላጤ ቤት ሽታ እዚህ ድረስ መጣ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሥራዬ ኖርክሮስ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን ዕቃ ማንሻ መኪና መንዳት ነው፤ ሰማይ የማየው በምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ድሮኑን የገዛሁትም ለዚህ ይመስለኛል። ከጓሮዬ አስነሥቼው፣ ጣሪያዎቹንና ዛፎቹን አልፎ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ግራጫ ድንጋይ ተራራ በስክሪኑ ላይ ሲመጣልኝ ደረቴ ይከፈት ነበር። አስመዝግቤዋለሁ። የሚፈተነውን ፈተና ተፈትኛለሁ። ከተፈቀደው ከፍታ አልፌ አላውቅም። ደንብ አክባሪ ነበርኩ፤ ደንብ አክባሪነቴንም እወደው ነበር።

እትዬ ሙሉ ግን አልወደዱትም። አንድ ቅዳሜ ፀጉራቸውን ታጥበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሳለ ድሮኑ በላያቸው አለፈ። እየቀረጽኩ አልነበረም፤ ግን ይህን በምን ያውቃሉ? በማግስቱ አጥሩ ጋ ጠርተው «አንተ ልጅ፣ ከላይ ሆኖ የሚያየኝ እግዚአብሔር ይበቃኛል፤ አንተ ደግሞ አትጨመርብኝ» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። እሺ አልኩ፤ ግን እሺ ያልኩት በአፌ ነበር። ደግሜ አበረርኩ፣ ደግመው ተናገሩኝ። በሦስተኛው ኤች ኦ ኤ የምንለው የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ዘንድ ከሰሱኝ።

በስብሰባው ላይ ፈረንጆቹ መሃል ቆመው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስሜን እየጠሩ ሲናገሩ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ፍርዱ ቀላል ነበር። ድሮኑን ከጓሮዬ እንዳላስነሣ፣ ከፈለግሁ ከሰፈሩ መዋኛ ገንዳ መኪና ማቆሚያ ብቻ እንዳበርር፣ ከማብረሬም በፊት ለእትዬ ሙሉ እንድነግራቸው ተባለ። ቃል ገባሁ። ስንወጣ ግንባሬን ሳሙኝና «አሁን ወንድ ልጅ ሆንክ» አሉኝ። ለሳቸው ነገሩ እዚያው አለቀ። ለእኔ ግን አላለቀም። ጎመናቸውን ተቀብዬ እየበላሁ እንኳ በሆዴ አንዲት ቁርሾ ነበረች። ሰው ፊት አዋርደውኛል እያልኩ ለራሴ እደጋግም ነበር። ምን ውርደት ነበር? ፀጉሬን ልታጠብበት አሉ እንጂ ምን አሉ?

በዚያው ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ የእትዬ ሙሉ ታናሽ ወንድም ደሴ ላይ አረፈ። ታናሽ ወንድም ይባል እንጂ እናታቸው ስትሞት በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት ልጃቸው ነው። ወሬው ለአቶ ጌታቸው በስልክ ደረሳቸው። እሳቸውም እንደ ወጋችን ዋጥ አድርገው ያዙት። የሚስታቸውን ስልክ «ተበላሽቷል፣ ላሠራልሽ» ብለው ወሰዱ፤ ዋይፋዩንም ነቀሉ። ቀን ቀን ከሚስታቸው ጋር እየሳቁ፣ ጋራዥ ገብተው እያለቀሱ ሳምንቱን ገፉት። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁ መርዶው ቅዳሜ ጠዋት እንዲነገር ወሰኑ፤ ለእያንዳንዳችንም ደወሉ።

«ፑሉ ጋ ፓርክ አድርጉ» አሉ፤ መዋኛ ገንዳውን ማለታቸው ነው። «በር እንዳታላትሙ። ሪሞት ተጭናችሁ ሎክ እንዳታደርጉ፣ ይጮሃል። ተሰብስበን፣ አንድ ላይ፣ በእግራችን ነው የምንገባው።»

እትዬ ሙሉ የደም ግፊት አለባቸው። ስለዚህ አቶ ጌታቸው ኪኒናቸውን ያስውጧቸዋል፣ ትንሽ እህል ያቀምሷቸዋል፣ ከዚያ እኛ እንገባለን። ከመካከላችን ነርስ የሆነችው ከአጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ሁለት ጠንካራ ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዟቸዋል፣ ከዚያ ጋሽ ወርቁ ይናገራሉ። ይህ ሁሉ ዝግጅት ለአንድ ነገር ነው፤ ብቻቸውን እንዳይሰሙት። ሌላ ምስጢር የለውም። ሰው ብቻውን ቆሞ እንዳይሰማው ብለን ነው መርዶን የምንደብቀው፣ የምንዋሸው፣ በጨለማ የምንሰበሰበው።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ የልጅ ሥራ ነበር። በኩሽናዬ መስኮት አጠገብ ቆሜ የእነሱ ኩሽና መብራት ሲበራ፣ ኪኒናው ሲዋጥ ማለት ነው፣ ለጋሽ ወርቁ መደወል። በቃ። ይህችን ብቻ ነበር ያዘዙኝ።

ድሮኑን አነሣሁት።

ለምን? ይህን ጥያቄ ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅኩ። አንዳንዴ ለቆንጆ ነገር ብዬ ነው እላለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ያ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በአሜሪካ መንገድ ላይ አንድ ላይ ሲሄድ ከላይ ምን ይመስል ይሆን ብዬ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ያቺ ቁርሾ ናት እላለሁ። ዛሬ ሊከሰኝ የሚችል ሰው የለም፤ ዛሬ እትዬ ሙሉ ሌላ ጉዳይ አለባቸው። እንዲህ ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ሌላ ጉዳይ አለባቸው። ወንድማቸው ስለሞተ የእኔ ድሮን አይታያቸውም ማለቴ ነበር። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ።

ከጓሮዬ አስነሣሁት። ቃሌን አፈረስኩ፤ አልነገርኳቸውም። እንዴትስ እነግራቸዋለሁ? እትዬ ሙሉ ጠዋት ጠዋት መብራት ሳያበሩ ጓሮ ወጥተው እንደሚጸልዩ አውቃለሁ። ረስቼው ነበር ብል እንዴት ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም፤ ዝም ብዬ ግድ አልሰጠሁትም። ድሮኑ ከአጥሩ በላይ ብቅ ሲል በወዲያ በኩል ጸሎቱ ቆመ።

«ዳዊት! አንተ ዳዊት! ዛሬም?»

ስሜን ስሰማ ድሮኑን ወደ ላይ ነዳሁትና ከባርቤኪው መጥበሻው ኋላ ቁጢጥ አልኩ። የጎን በራቸው ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ የቤቴ ደወል ጮኸ። ቆይቶ ደግሞ ጮኸ። ትልቅ ሰው ነኝ፤ የራሴን ቤት አለኝ፤ ከመጥበሻ ኋላ ተደብቄ የአንዲት እናት እግር ከደጄ እስኪርቅ ጠበቅኩ። ሲርቅ እፎይ አልኩ። ወደ ቤታቸው የተመለሱ መስሎኝ ነበር።

ስክሪኑን ሳይ መንገድ ላይ ናቸው። በሌሊት ልብሳቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ በቤት ጫማ፣ ወደ መዋኛ ገንዳው እየሄዱ ነው። ለምን ወደዚያ? ቃል የገባሁት ከዚያ ላበርር ስለሆነ ነዋ! በአጥሩ አናት ሲያዩ ጓሮዬ ውስጥ ስለሌለሁ፣ በሩንም ስላልከፈትኩ ቃሌን የጠበቅኩ መሰላቸው። አምነውኝ ነው የሄዱት። አምነውኝ።

የገንዳው መኪና ማቆሚያ ከክለብሃውሱ፣ ከሰፈሩ መሰብሰቢያ ሕንፃ፣ ኋላ ስለሆነ ከመንገዱ አይታይም። እኔ ግን ከላይ ሁለቱንም አያለሁ። በአንድ በኩል ሰዉ ተሰብስቦ ቆሟል፤ በሌላው በኩል እትዬ ሙሉ ብቻቸውን ይመጣሉ። አሁን እንዲህ ሳወራው ጊዜ ያልነበረ ይመስላል። ነበረ። ብሮጥ እደርስባቸዋለሁ። ለጋሽ ወርቁ ብደውል ይደርሱልኛል። «እትዬ ሙሉ!» ብዬ ብጮህ ይመለሳሉ፤ ተመልሰው ይሰድቡኛል፣ እንደ ልባቸው ያወርዱብኛል፣ በስድቡ መሃል አቶ ጌታቸው ወጥተው ያስገቧቸዋል። አንድ ስድብ ነበር ዋጋው። ያቺን ስድብ ፈራሁ።

ቆሜ አየሁ። የማፍረው በዚህ ብቻ አይደለም። አውራ ጣቴ እየሠራ ነበር። እትዬ ሙሉ ከስክሪኑ መሃል እንዳይወጡ ድሮኑን ቀስ እያደረግኩ አስከትላቸው ነበር። ማንም አላዘዘኝም። እጄ የለመደውን ሠራ፤ እኔም ተውኩት።

መንገዱን ካጋመሱ በኋላ በሰፈሩ መግቢያ አንዲት መኪና ገባች። ቲጂ ናት። ትዕግሥት፤ እድሩ ውስጥ ሁላችንም ቲጂ ነው የምንላት። በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። አቆመች፣ ወረደች፣ ደክሟት ነው መሰለኝ እጇ በልማድ ሪሞቱን ተጫነ። መኪናዋ ጮኸች። ጩኸቱን ጓሮዬ ሆኜ ሰማሁት። ልብ በሉ፤ በዚያን ሰዓት እትዬ ሙሉ መንገድ ላይ ከወጡ ቆይተዋል። ይህን ያየ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው።

ከዚያ ክለብሃውሱን ዞሩ።

ከላይ ድምፅ የለም። መጀመሪያ የሰዉ ጭንቅላት ሁሉ አንድ ላይ ዞረ። እትዬ ሙሉ ቆሙ። ጥቁሩን አዩ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ ሁሉም የሚያውቁት ሰው ነው። ሁለት እጃቸው አናታቸው ላይ ወጣ። በኋላ እንደሰማሁት «ማነው? ማነው?» ነበር የሚሉት። የሚመልስላቸው ጠፋ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሩቅ አይጮህም። ሴቶቹ ሊይዟቸው ሮጡ። እሳቸው ግን ሰዉ ወደሳቸው ሲሮጥ ፈሩና ወደ ኋላ ሸሹ። የቤት ጫማቸውን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ያዘው። ሲወድቁ ድሮኑን አወረድኩት።

ድሮኑን ካወረድኩ በኋላ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ሮጬ ሄድኩ፣ እንደ ማንኛውም ሰው «ምን ሆኑ?» አልኩ። አቶ ጌታቸው ግማሽ ፊታቸው ላይ የመላጫ ሳሙና እንዳለ እየሮጡ መጡ። ሚስታቸው እንደ ወትሮው ጸሎት ላይ ናቸው ብለው ነበር።

ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ሆነ። እትዬ ሙሉ እንደ ወጉ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ለወንድማቸው አላለቀሱም፤ ለቀስተኛ አልተቀበሉም። ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ሆስፒታል ገብቶ አልጋቸው ሥር ቆሞ ይወጣል። ጮክ ብለው ሲያለቅሱ ነርሶቹ ሕመም መስሏቸው ማስታገሻ ይጨምሩላቸው ነበር። ያሳደጉትን ልጅ በመድኃኒት ደንዝዘው ነው የሸኙት።

የዚያን ዕለት ሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጋሽ ወርቁ ጭንቅላታቸውን ይዘው «ያቺ ጥሩምባ ናት ያወጣቻቸው» አሉ። አንዱ ተቀበለ፣ ሌላው ጨመረ። ሁሉም ወደ ቲጂ ዞረ። በዩኒፎርሟ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ረሳሁት፣ እጄ ነው» እያለች ማልቀስ ጀመረች። እኔ በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዣለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «አይደለችም፣ እኔ ነኝ።» አፌ ውስጥ ሻይ ነበር፤ ዋጥኩት።

ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ድሮኑ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዝም ያልኩ ሰው እባል ነበር። ግን ዋሽቻለሁም። እትዬ ሙሉ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ያ ጠዋት ከአእምሯቸው ወጥቷል፤ ፊቶቹን ብቻ ነው የሚያስታውሱት። «የሆነ ድምፅ ሰምቼ ነው የወጣሁት» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። «ምን ነበር ልጄ?» እኔም «የመኪና ጥሩምባ ነው እትዬ» አልኳቸው። ይህን ቃል በጆሯቸው ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ቲጂ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትመጣ «ዓይኗን አታሳዩኝ» ብለው በሩን አዘጉባት። በመስኮቴ አየኋት። ቡና ቆልታና አምባሻ ጋግራ ይዛ ነበር የመጣችው፤ ይዛው ተመለሰች።

ሰዉ በጭካኔ አላባረራትም። የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ ነው የሚያደርገው። ልደት ሲሆን አትጠራም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል፣ ስልክ ስትደውል «ሥራ ላይ ነኝ» ትባላለች። በመጨረሻ ከእድሩም ቀረች። ኖርክሮስ አፓርትመንት ገባች ሲባል ሰማሁ። ከምሠራበት ሩቅ አልነበረም። በበሯ አላለፍኩም።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ወርቁ ደወሉልኝ። የቲጂ እናት አዳማ ላይ ሞተዋል። ዘመድ በዚህ የላትም፤ ወሬው በሰው በሰው እሳቸው ጋ ደርሷል። መርዶ ሊነገራት ይገባል። ለማን እንደደወሉ፣ ማን ምን ብሎ እንዳመካኘ አልነገሩኝም። እሑድ ጠዋት አፓርትመንቷ መኪና ማቆሚያ ስደርስ ጋሽ ወርቁ፣ ባለቤታቸውና አብራት የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ቆመዋል። ሌላ ሰው ይመጣል ብለን ጠበቅን። ብርድ ነበር። ጋሽ ወርቁ ወደ መንገዱ አየት እያደረጉ ቆዩና «በሉ እንግባ» አሉ።

በሩን ራሷ ከፈተች። ሙሉ እድሩ ጥቁር ለብሶ ቢመጣ ወዲያው ይገባት ነበር። አራት ሰው ግን መርዶ አይመስልም። ጋሽ ወርቁን ስታይ ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። ሳቀች። እንባዋ መጣ። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ለሽምግልና ነው አይደል?» አለች። «እትዬ ሙሉ ይቅር አሉኝ? በጌታ፣ ይቅር አሉኝ? እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምጸልየው። ግቡ፣ ግቡ እንጂ፣ ቤቱን አትዩብኝ።»

ቲጂ ወንበሮቹ ላይ ያለውን ልብስ እየሰበሰበች፣ እየሮጠች፣ ሻይ ልጣድ ትላለች። «እማዬ ዛሬ ስደውል ደስ ይላታል፣ እሷም ስትጨነቅልኝ ነበር» አለች። የጋሽ ወርቁ ባለቤት ግድግዳውን ተደግፈው ማልቀስ ጀመሩ፤ ቲጂ የደስታ መሰላትና አቀፈቻቸው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

በቀኝ በኩል የያዝኳት እኔ ነበርኩ። ከእኔ ሌላ ጉልበት ያለው ሰው አልነበረም። ስትጮህ፣ ስትወድቅ፣ ደረቷን ስትመታ ክንዷን ይዤ ነበር። የገረመኝ ምንም ሳይሰማኝ መቅረቱ ነው። ደረቷን እንዳትጎዳ እጇን መያዝ ብቻ ነበር የማስበው። ሲደክማት በእንባዋ መሃል ወደ በሩ አየች፤ የቀረው ሰው የሚገባ መስሏት ይሁን አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «አንተ እንኳን መጣህልኝ» አለችኝ።

ያኔም አልተናገርኩም። በሐዘኗ ላይ ሌላ ሸክም አልጭንባት ብዬ ነው ብላችሁ ታምኑኝ ይሆናል፤ እኔ ራሴን አላመንኩትም። እናቷ ልጃቸው የሰው ሕይወት እንዳበላሸች አምነው ሞቱ። ይህን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳቸው ሁለት ሴቶች ናቸው፣ የሁለቱም ስልክ ቁጥር አለኝ፣ አንዷ ከአጥሬ ማዶ ናት። ጊዜው አልፏል፣ ልባቸው ይሰበራል፣ ምን ይጠቅማል የምለው ሁሉ የዚያ ከመጥበሻ ኋላ የተደበቀ ሰው ንግግር ነው።

ቲጂ አሁን አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ካሉኝ ሰዎች አንዱ አንተ ነህ ትለኛለች። ጥቂት ካወራን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና፣ ጎረቤታቸው አይደለህ፣ እትዬ ሙሉ ይቅር ይሉኝ እንደሆን እስኪ ጠይቅልኝ ትለኛለች። እጠይቃቸዋለሁ እላታለሁ። ጠዋት ጠዋት በዎከራቸው፣ በብረት መደገፊያው፣ እየተደገፉ ጓሮ ሲወጡ በመስኮቴ አያቸዋለሁ። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።